የምግብ ቧንቧ ካንሰር፦ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት በሽታዎች

«ትኩስ ሻይ ካንሰር ያመጣል» የሚል ርዕስ በየጊዜው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብቅ ይላል። ከሥሩ የሚሰጠው አስተያየት ሁሌም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይደነግጥና ሻይ እርም ይላል። ሌላው ደግሞ «አያቶቻችን ሲፈላ እየጠጡ መቶ ዓመት ኖረው የለ እንዴ!» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ርዕሱን እንጂ ውስጡን አላነበቡም።

ዜናው የሚያወራው ስለ ምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም ወደ 511 ሺህ ሰዎች ይህ በሽታ እንደተገኘባቸው፣ ወደ 445 ሺህ የሚሆኑ ደግሞ በዚሁ እንደሞቱ ይገመታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ልብ ይበሉ። በአዲስ ታማሚዎች ብዛት ከካንሰሮች 11ኛ ነው፤ በገዳይነት ግን 7ኛ ደረጃ ላይ ይወጣል።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? አንዱ መልስ በሽታው ያለበት ቦታ ነው፤ ቧንቧው ሕመሙን ደብቆ ያቆያል። ሌላው ደግሞ ስለ በሽታው የምናወራበት መንገድ ነው። ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም እየጠራን፣ የአንዱን ምክር ለሌላው እንሰጣለን።

ጉሮሮ ስንል የቱን ነው?

በተለምዶ «የጉሮሮ ካንሰር» ሲባል ሦስት ቦታዎች ይምታታሉ። ድምፅ የሚወጣበት ማንቁርት አለ። ከአፍ ጀርባ ያለው፣ ምግብም አየርም የሚያልፍበት ጉሮሮ አለ። ከእነዚህ በታች ደግሞ ምግብና መጠጥ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ አለ። ሐኪሞች ኢሶፋገስ የሚሉት ይህንን ሦስተኛውን ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የማንቁርት ካንሰር ብዙውን ጊዜ ገና ትንሽ ሳለ ድምፅ ያጎረንናል፤ ስለዚህ ቶሎ ያስጠረጥራል። የምግብ ቧንቧው ግን ዝም ይላል። «ጉሮሮዬን ታይቼ ምንም የለም ተባልኩ» የሚል ሰው አፉን ከፍቶ በባትሪ ብቻ ታይቶ ከሆነ፣ የምግብ ቧንቧው ጭራሽ አልታየም።

ቧንቧው በአዋቂ ሰው ወደ 25 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ከአንገት ይነሳል፤ በደረት ውስጥ ከመተንፈሻ ቱቦና ከልብ ጀርባ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት ይወርዳል። ከዚያ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ አልፎ ጨጓራ ላይ ያርፋል። ሥራው ማስተላለፍ ብቻ ነው። አይፈጭም፣ ንጥረ ነገርም አይመጥም። ግድግዳው ከውስጥ በስስ ሽፋን የተለበጠ ጡንቻ ነው። ካንሰሩ የሚጀምረው ከዚህ የውስጥ ሽፋን ነው።

አንድ ቧንቧ፣ ሁለት በሽታ

የመጀመሪያው ዓይነት ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይባላል። የቧንቧውን ውስጠኛ ገጽ ከሚሸፍኑት ጠፍጣፋ ሕዋሳት ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በላይኛውና በመካከለኛው ክፍል ነው። በዓለም ላይ ካሉት ታማሚዎች 85 በመቶ ያህሉ የዚህኛው ናቸው።

ሁለተኛው አዴኖካርሲኖማ ነው። ይህ የሚነሳው በታችኛው ጫፍ፣ ቧንቧው ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ፈሳሽ ከሚያመነጩ፣ የአንጀትን ሽፋን ከሚመስሉ ሕዋሳት ይበቅላል። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት መጀመሪያውኑ እዚያ መኖር አልነበረባቸውም፤ እንዴት እንደመጡ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የሁለቱ ጉዞ ተቃራኒ ነው። ስኳመሱ በብዙ አገሮች ቀስ እያለ እየቀነሰ ነው። አዴኖካርሲኖማ ግን በሰሜን አሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ተመነጠቀ። አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ ወደ ስድስት እጥፍ ጨምሯል። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ «ምግብ ቧንቧ ካንሰር» በቪዲዮ ሲያስረዳ ስለ ቃርና ስለ ቦርጭ ያወራል። አንድ ቻይናዊ ወይም ኬንያዊ ሐኪም ስለዚያው ካንሰር ሲያወራ ሌላ ነገር ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያወሩት ግን ስለ ሌላ ሌላ በሽታ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከምናገኘው መረጃ አብዛኛው የሚመጣው አዴኖካርሲኖማ ከበዛባቸው አገሮች ስለሆነ፣ ይህ መምታታት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለ ትኩስ መጠጥ የተባለውና ያልተባለው

በ2016 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ በሰው ላይ ካንሰር የማምጣቱ ነገር «ሳይሆን አይቀርም» ከሚባልበት ምድብ ውስጥ አስገባው። ዜናው የተነሳው ከዚህ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን መንገድ ላይ ወደቁ። አንደኛ፣ ተከሳሹ ሙቀቱ እንጂ መጠጡ አይደለም። በዚያው ስብሰባ ቡና ራሱ ካንሰር ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም ተብሏል። ሙቅ ውኃም ያው ነው፤ ሲፈላ ከተጠጣ ሙቀቱ ሙቀት ነው። ሁለተኛ፣ ኤጀንሲው የሚመድበው የማስረጃውን ጥንካሬ ነው። የአደጋውን መጠን አይለካም። ሁለት ነገሮች አንድ ምድብ ውስጥ ስለገቡ እኩል ይገድላሉ ማለት አይደለም። ይህ ስሕተት በጋዜጠኞችም ዘንድ የተለመደ ነው።

መጠኑን ለማወቅ የሚረዳው በሰሜን ኢራን፣ ጎለስታን በተባለ ግዛት የተደረገ ጥናት ነው። 50,045 ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደረገባቸው፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። ተመራማሪዎቹ «ሻይ ትኩስ ትወዳለህ?» ብለው ብቻ አላለፉም። ሻይ ቀድተው፣ ቴርሞሜትር ከትተው፣ ሰውየው የሚጠጣበትን ሙቀት ለኩ። በቀን ከ700 ሚሊሊትር በላይ፣ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚጠጡ ሰዎች፣ ያነሰና ቀዝቀዝ ያለ ከሚጠጡት ይልቅ 90 በመቶ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ።

90 በመቶ ሲሉት ያስደነግጣል። ግን በጥናቱ ዘመን ሁሉ በሽታው የተገኘባቸው 317 ሰዎች ናቸው፤ ከ1,000 ሰው ወደ 6 ማለት ነው። ያውም በሽታው በተለየ ሁኔታ በሚበዛበት አካባቢ። ትንሽ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ጥንቃቄው የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ብቻ ስለሆነ፣ «አያቶቼ» እያሉ መከራከር አያስፈልግም።

ሙቀቱ እንዴት ይጎዳል? እስካሁን ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ ይህ ነው። ተደጋግሞ የሚቃጠል ሽፋን ተደጋግሞ ይጠገናል። ጥገና ማለት የሕዋስ መባዛት ነው፤ መባዛት በበዛ ቁጥር የስሕተት ዕድልም ይበዛል። በዚያ ላይ የቆሰለ ሽፋን ሌሎች ጎጂ ነገሮችን እንደ ልብ ያሳልፋል።

ተጠያቂው ማነው?

ለስኳመሱ ዓይነት በማያጠራጥር ሁኔታ የታወቁት ሁለቱ ትምባሆና አልኮል ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳታቸው ይደመራል ከማለት ይባዛል ማለት ይቀላል። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይለወጣል። ይህ ነገር የሕዋሳትን የዘር መረጃ የያዘውን ዲኤንኤ ይጎዳል። በምሥራቅ እስያ ከሦስት ሰው በአንዱ ያህል ላይ ይህንን መርዝ ቶሎ የሚያስወግደው ኢንዛይም ደካማ ነው። ትንሽ ሲጠጡ ፊታቸው የሚቀላው ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች መጠጣት ከቀጠሉ አደጋው በብዙ እጥፍ ያድግባቸዋል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ደግሞ አደጋው ወዲያው ባይጠፋም በዓመታት ውስጥ ይወርድለታል።

ታዲያ ሲጋራም አልኮልም የማያውቁ ሰዎች ለምን ይታመማሉ? እንቆቅልሹ እዚህ ጋ ነው። በዓለም ካርታ ላይ ይህ ካንሰር የሚበዛባቸው ሁለት ቀበቶዎች አሉ። አንዱ ከሰሜን ኢራን ተነስቶ በመካከለኛው እስያ አድርጎ ሰሜን ቻይና ይደርሳል። ሌላው ከኢትዮጵያ ጀምሮ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። በእነዚህ ቀበቶዎች ውስጥ እንኳ አንዱ አካባቢ ሲጠቃ ጎረቤቱ ይተርፋል።

ብዙ ተጠርጣሪ ቀርቧል። በቤት ውስጥ የሚታፈን የማገዶ ጭስ፣ በጣም ትኩስ መጠጥ፣ የፍራፍሬና የአትክልት እጥረት፣ የጥርስና የአፍ ንጽሕና ጉድለት፣ እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ፣ የዘር ተጋላጭነት። በጎለስታን ኦፒየም የተባለው አደንዛዥ ዕፅም ተጨምሮበታል። እያንዳንዱ የራሱ ማስረጃ አለው። አንዱም ብቻውን ካርታውን አይገልጸውም።

በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው፤ እንደኔ ግን አብርቶታልም። ተመራማሪዎች ከስምንት አገሮች የተወሰዱ የ552 ታማሚዎችን ዕጢ ሙሉ ዲኤንኤ አነበቡ። በሽታው የሚበዛባቸው አገሮችም የማይበዛባቸውም ነበሩበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሲጋራ ሳንባ ላይ የራሱን አሻራ እንደሚተው ሁሉ፣ የበዛበት አገር ዕጢ ላይ የአንድ የተደበቀ መርዝ አሻራ ይገኛል ተብሎ ተጠበቀ። አልተገኘም። የዲኤንኤው ጉዳት በሁሉም አገሮች ተቀራራቢ ሆነ።

ይህ ምን ማለት ነው? አንዱ አመለካከት፣ መርዙ አለ፣ ግን አሻራ አይተውም ይላል። ሌላው ደግሞ አንዳንድ ነገሮች ካንሰር የሚያመጡት ዲኤንኤን በቀጥታ በመጉዳት አይደለም፤ ቀድሞ የተጎዱ ሕዋሳት እንዲያሸንፉ ሜዳውን በማመቻቸት ነው ይላል። ይህን ሁለተኛውን የሚደግፍ ነገር በ2018 ታይቷል። የጤነኛ ሰዎች የምግብ ቧንቧ ሲመረመር፣ በዕድሜ የገፉት ሽፋን ከካንሰር ጋር የሚያያዙ የተለወጡ ጂኖች ባሏቸው ሕዋሳት ተሞልቶ ተገኘ። ካንሰር ግን የለባቸውም። የጂን ለውጥ ብቻውን በሽታ አይሆንም ማለት ነው። ተደጋጋሚ ቁስል፣ እብጠትና ጥገና የትኛው ሕዋስ እንደሚያይል ይወስናሉ።

«እገሌ የሚባል ምግብ ነው ያመጣብን» የሚለውን የሰፈር ወሬ ስንሰማ ይህ ቢታወሰን ጥሩ ነው። ቪታሚን እየዋጡ ይከላከሉ የሚለውም እንዲሁ ነው። በቻይና ሊንሢያን አውራጃ ከ1986 እስከ 1991 ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ቪታሚን ኢ እና ሴሌኒየም በአንድነት የወሰዱት በጠቅላላ የካንሰር ሞታቸው ቀነሰ። የምግብ ቧንቧ ካንሰርን በተመለከተ ግን አስተማማኝ ለውጥ አልታየም። ያውም ሕዝቡ የምግብ እጥረት የነበረበት ነው። በልቶ ለሚያድር ሰው ኪኒኑ ከዚያ የተሻለ ይሠራል ብሎ ለመጠበቅ ምክንያት የለም።

ቃር ሁሉ ካንሰር ይሆናል?

አይሆንም። ግን ጥያቄው ትክክል ነው።

ቃር የሚመጣው የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ነው። የጨጓራ ግድግዳ አሲዱን ይችለዋል፤ የምግብ ቧንቧው ሽፋን አይችለውም። ለዓመታት ሲቃጠል የኖረ ሽፋን አንዳንዴ ራሱን ይለውጣል። ጠፍጣፋዎቹ ሕዋሳት ይሄዱና የአንጀትን የሚመስሉ ሕዋሳት ይተካሉ። ይህ ለውጥ ባሬት ይባላል፤ በ1950 ስለዚህ ሁኔታ በጻፉት በእንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኖርማን ባሬት ስም ነው። ከላይ «መኖር አልነበረባቸውም» ያልናቸው ሕዋሳት እነዚህ ናቸው። አዴኖካርሲኖማ ከእነሱ ይነሳል።

በ1999 የታተመ የስዊድን ጥናት፣ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ቃር የሚያስቸግራቸው ሰዎች ለአዴኖካርሲኖማ ያላቸው ተጋላጭነት ወደ 8 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳየ። ከ20 ዓመት በላይ በብርቱ ሲሰቃዩ የኖሩት ደግሞ ከ40 እጥፍ በላይ። ያው ጥናት ብዙ የማይጠቀስ ሌላ ነገርም አሳይቷል። ከካንሰሩ ታማሚዎች 40 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ ቃር ኖሯቸው አያውቅም። ስለዚህ ቃር የሌለበት ሰው ነፃ ነው ማለት አይቻልም፤ ቃር ያለበትም ይታመማል ማለት አይቻልም።

ባሬት የተገኘበት ሰውም ቢሆን ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። ሕዋሳቱ ወደ ካንሰር የማዘንበል ምልክት ካላሳዩ፣ በዓመት ካንሰር የሚይዘው ከ1,000 ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆነውን ብቻ ነው። ተጋላጭነቱ የሚከማቸው በወንዶች፣ በሚያጨሱና ሆዳቸው ላይ ውፍረት ባለባቸው ላይ ነው። ቦርጭ ጨጓራን ከታች ወደ ላይ ይጫናል፤ አሲዱም ይወጣል።

አሲድ የሚቀንሱት መድኃኒቶች ይከላከላሉ ወይ? እዚህ ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም። በ2018 የታተመ፣ 2,557 የባሬት ሕመምተኞችን ያሳተፈ ሙከራ፣ ጠንከር ያለ መጠን የወሰዱት አነስተኛ ከወሰዱት የተሻለ እንደሆነላቸው አሳይቷል፤ አስፒሪን ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ። ነገር ግን «የተሻለ» የተባለው ካንሰርን፣ የካንሰር ዋዜማ ለውጥንና በማንኛውም ምክንያት መሞትን አንድ ላይ ቆጥሮ ነው። አስፒሪን ደም የማፍሰስ አደጋ አለው። ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ ፈቃድ የሚጀመር ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ኪኒኑ ቃሩን ዝም ስላሰኘው በሽታው ዳነ ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የተለወጠ ሽፋን ሳያቃጥልም ሊቀመጥ ይችላል።

ለምን ዘግይቶ ይታወቃል?

የምግብ ቧንቧ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ውስጡ ዕጢ ሲበቅል በቀረው በኩል እየሰፋ ምግቡን ያሳልፋል። ጠንካራ ምግብ መያዝ የሚጀምረው ክፍተቱ ወደ 13 ሚሊሜትር ገደማ ሲጠብ ነው። እስከዚያ ድረስ ዕጢው የቧንቧውን ዙሪያ ብዙውን ክፍል ይዞ ሊሆን ይችላል። ለመዋጥ ማስቸገር የበሽታው መጀመሪያ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ አጋማሹን ያለፈበት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከአሠራሩ ነው። አንጀትና ጨጓራ ከውጭ የሚሸፍናቸው ስስ ልባስ አላቸው። የምግብ ቧንቧ አብዛኛው ክፍል ይህ የለውም። ጡንቻውን ያለፈ ዕጢ የሚያግደው ነገር አያገኝም፤ መተንፈሻ ቱቦውና ትልቁ የደም ቧንቧ ጎኑ ናቸው። በዚያ ላይ ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ያሉት የሊምፍ ቱቦዎች ወደ ላይም ወደ ታችም ይሮጣሉ። የካንሰር ሕዋስ ገና በጊዜ ወደ አንገት ወይም ወደ ሆድ የሊምፍ ዕጢዎች ሊጓዝ ይችላል።

ሦስተኛው የሰው ጠባይ ነው። ሰው ይላመዳል። መጀመሪያ ሥጋና ደረቅ ዳቦ ይይዘዋል። በውኃ ያወርደዋል። ከዚያ በደንብ ማኘክ ይጀምራል። ከዚያ ገንፎና ሾርባ ይመርጣል። ቤተሰቡም «ምግብ ቀነሰ» ይላል እንጂ «መዋጥ አቃተው» አይልም። ከጠጣር ወደ ለስላሳ፣ ከለስላሳ ወደ ፈሳሽ እያለ በሳምንታትና በወራት የሚባባስ የመዋጥ ችግር የዚህ ካንሰር ዋና መለያ ነው። ልብ በሉ፣ ጭንቀት ሲኖር ጉሮሮ ላይ የሚሰማ የመታነቅ ስሜት ሌላ ነው። ያኛው ይመጣል ይሄዳል፤ ሲበሉ ደግሞ ይቀልላል።

ሌሎቹ ምልክቶች ክብደት ያለ ምክንያት መቀነስ፣ ሲውጡ ደረት ላይ ማመም፣ የድምፅ መጎርነን፣ ሲጠጡ ትን ማለትና ማሳል፣ በደም ማነስ መዛል፣ ጥቁር ሰገራ ናቸው። የድምፁ መጎርነንና ሲጠጡ ማሳል ብዙ ጊዜ በሽታው ወደ ጎረቤት አካላት መድረሱን ያመለክታሉ።

ምርመራው

ዋናው ኢንዶስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭንና ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ይገባል፤ ሐኪሙ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች ያያል። አጠራጣሪ ቦታ ካገኘ ቅንጣት ሥጋ ይቆርጣል። ይህ ባዮፕሲ ይባላል። ካንሰር ነው ወይ፣ ከሆነስ ከሁለቱ የትኛው ነው የሚለውን የሚወስነው ይህ ናሙና ነው። ባዮፕሲ «ካንሰሩን ይቀሰቅሰዋል» የሚለው ወሬ ሰዎችን ከምርመራ ያስቀራል። ያለ ናሙና ሕክምናውን መምረጥ አይቻልም።

በእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን በአስቸኳይ ኢንዶስኮፒ ይደረግለታል። ለወራት የጨጓራ ኪኒን ይሞከር አይባልም። ካንሰሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሲቲ ስካን፣ ፔት ስካንና በኢንዶስኮፒ የሚገባ አልትራሳውንድ ምን ያህል እንደጠለቀና እንደተሰራጨ ያሳያሉ።

ሕክምናው የት ደርሷል?

በ1913 ኒውዮርክ ውስጥ ፍራንዝ ቶሬክ የተባሉ ሐኪም ካንሰር የያዘውን የአንዲት ሴት ምግብ ቧንቧ በደረት በኩል አወጡ። የሚተካ ነገር አልነበረም። አንገቷ ላይ ከተከፈተው ቀዳዳ እስከ ጨጓራዋ ድረስ ከሰውነቷ ውጭ የሚሄድ የጎማ ቱቦ አደረጉላት። በዚያ ቱቦ እየበላች ከዐሥር ዓመት በላይ ኖረች። ዛሬ ጨጓራው ራሱ በቱቦ መልክ ተቀርጾ ወደ ላይ ይሳባል። ቢሆንም ቀዶ ጥገናው አሁንም ከከባዶቹ አንዱ ነው።

ዕጢው ገና የላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ሳለ ከተገኘ ደረት መክፈት አያስፈልግም። በኢንዶስኮፒው በራሱ ተልጦ ይወጣል። ዕድለኞቹ እነዚህ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ላለፈው ብቻውን ቀዶ ጥገና አይበቃም። በ2012 የታተመ የኔዘርላንድ ሙከራ ይህንን አሳየ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ለአምስት ሳምንት ኬሞቴራፒ (ካንሰርን የሚያጠቃ መድኃኒት) እና ጨረር የተሰጣቸው ታማሚዎች ግማሾቹ ከ49 ወር በላይ ኖሩ። በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና የሄዱት ግን ግማሾቹ የኖሩት ከ24 ወር በላይ ነው። ስኳመሱ ዓይነት ለዚህ ሕክምና ይበልጥ ተሸናፊ ነበር። ከእነዚህ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ላይ፣ ተቆርጦ በወጣው ቧንቧ ውስጥ አንድም ሕያው የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም። ከአዴኖካርሲኖማዎቹ ይህ የታየው ወደ ሩብ በሚጠጉት ብቻ ነው።

ይህ ሁለት ክርክር አስነሳ። አንዱ፣ አዴኖካርሲኖማ ጨረር ያስፈልገዋል ወይ? በ2025 የታተመ የጀርመን ሙከራ መልሱን ወደ «አያስፈልገውም» አዘነበለው። ከቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ በአራት መድኃኒቶች የተቀናጀ ኬሞቴራፒ የወሰዱት ግማሾቹ ከ66 ወር በላይ ኖሩ፤ የጨረሩ ቡድን 37 ወር ላይ ቀረ። ስለ ስኳመሱ ግን ይህ ሙከራ ምንም አይናገርም። «አንድ ስም፣ ሁለት በሽታ» ያልነው ሕክምና ላይም ይመጣል።

ሁለተኛው ክርክር ከባድ ነው። ከኬሞና ከጨረር በኋላ ዕጢው በምርመራ ካልታየ ቧንቧውን መቁረጥ ለምን ያስፈልጋል? ሌላ የኔዘርላንድ ሙከራ አንዱን ወገን ወዲያው ቀዶ ጥገና፣ ሌላውን በቅርብ ክትትል አድርጎ አነጻጸረ። ክትትል ላይ የነበሩት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ዕጢው ከተመለሰ ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ በሕይወት በመኖር ከሌላው ወገን አላነሱም። ደጋፊዎቹ ብዙ ሰው ከከባድ ቢላ ተረፈ ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ሁለት ዓመት አጭር ነው፣ ክትትሉም ተደጋጋሚ ኢንዶስኮፒና ስካን ይጠይቃል፤ ያንን የማይችል ሆስፒታል ባይሞክረው ይሻላል ይላሉ። የሁለተኞቹ ነጥብ የሚናቅ አይደለም።

ኢሚዩኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን የራሱን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያስነሳ ሕክምና፣ ባለፉት ዓመታት ተጨምሯል። ይጠቅማል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ለተሰራጨ በሽታ ዓላማው ዕድሜን ማራዘምና ስቃይን መቀነስ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ብዙ የማይወራለት ስቴንት ነው። በኢንዶስኮፒ የሚገባ፣ ቧንቧው ውስጥ ሲለቀቅ የሚሰፋ የብረት መረብ ነው። ካንሰሩን አያድንም። ምራቁን መዋጥ ያቃተውን ሰው ግን በቀናት ውስጥ እንዲበላ ያደርገዋል።

ስለ ውጤቱ፣ በአሜሪካ መረጃ ከተገኘባቸው ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ለአምስት ዓመት ይኖራል። በሽታው ከቧንቧው ሳይወጣ ከተገኘ ግማሽ ያህሉ ይኖራሉ። ሩቅ ከተሰራጨ ግን ከ100 ሰው ወደ 5 ብቻ።

ሁሉም ሰው ይመርመር?

እንግዲህ ቀድሞ መገኘቱ ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ ሁሉንም ሰው በኢንዶስኮፒ ማየት አይሻልም ወይ? በሽታው በሚበዛበት በቻይና ሲሢያን አውራጃ ተሞክሯል። አንድ ጊዜ ብቻ ምርመራ በተደረገላቸው መንደሮች፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር የሞቱት ካልተመረመሩት መንደሮች ጋር ሲነጻጸሩ በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሱ። በሽታው ብርቅ በሆነበት አገር ግን አንድ ሰው ለማግኘት ሺዎችን ማየት ይጠይቃል። ኢንዶስኮፒ ባለሙያ፣ ማሽንና ገንዘብ ይፈልጋል። የሚያዩት ሐኪሞች ጥቂት ከሆኑ፣ ጤነኞችን ሲመረምሩ መዋጥ ያቃተው ታማሚ ወረፋ ላይ ይቆያል። ስለዚህ አብዛኞቹ አገሮች ምርመራውን ይበልጥ ለተጋለጡት ብቻ ይመክራሉ።

መካከለኛ መንገድም እየተፈለገ ነው። በእንግሊዝ የተሠራ አንድ መሣሪያ በክር የታሰረ እንክብል ነው። ሰውየው ይውጠዋል። ሽፋኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይሟሟና በውስጡ የነበረው ስፖንጅ ይፈታል። ነርሷ ክሩን ስትስበው ስፖንጁ የቧንቧውን ሕዋሳት እየጠረገ ይወጣል። ማደንዘዣ አያስፈልግም። በ2020 የታተመ ሙከራ፣ ለቃር መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች መካከል በዚህ መንገድ ባሬት የተገኘባቸው በተለመደው አሠራር ከተገኙት ዐሥር እጥፍ እንደሆኑ አሳይቷል።

መሣሪያው የተሠራው ባሬትን ለመፈለግ ነው፤ ያም የአዴኖካርሲኖማ መነሻ ነው። 85 በመቶውን የያዘው ስኳመስ በባሬት በኩል አያልፍም። ተመሳሳይ ስፖንጅ ለዚህኛው ዓይነት በቻይና እየተሞከረ ነው። የሚወጡትን ሕዋሳት መጀመሪያ የሚያያቸው ኮምፒውተር ነው፤ አጠራጣሪ የሆነባቸው ሰዎች ብቻ ወደ ኢንዶስኮፒ ይላካሉ።